ገበያውን ዘሎ የሚሄድ ዕርዳታ ሩቅ አይደርስም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። እኔም ጋ ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ርዕሱን ልተወው፤ ፍሬ ሐሳቡ «የተራበ ሰው እህል እንጂ ብር አይበላም፤ ገበያ የነጋዴ ነው፣ ዕርዳታ የተቸገረው» የሚል ነው። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊው ቁጭት አላቸው፣ ቁጭታቸውም የእውነት ነው። ግን አብዛኛው ድምዳሜያቸው የተሳሳተ ይመስለኛል። ሰዉም ከሥር «አሜን! እውነት!» እያለ ሲያሳልፈው ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ድርቅ ሲመጣ ገበያ ላይ እህል ስለማይኖር ብር ማደል ከንቱ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ብር ሲታደል ዋጋ ይሰቀላል፣ ዕርዳታ ያላገኘው ጎረቤትም አብሮ ይጎዳል። ሦስተኛ፣ ነጋዴ በክፉ ቀን እህል የሚደብቅ ፍጥረት ስለሆነ በዕርዳታ ስም እሱን መደገፍ ሌባ መሸለም ነው። አራተኛ፣ ብር በቀላሉ ይሰረቃል፤ ከሌባ የተረፈው ደግሞ አረቄና ጫት ላይ ያልቃል። አምስተኛ፣ የአገር ውስጥ እህል ጥራቱ አይታመንም። መፍትሔ ያሉትም ይኸው ነው፦ የብር ዕርዳታ ይቁም፣ ለዕርዳታ ተብሎ ከአገር ውስጥ እህል መግዛትም ይቅር፣ መጋዘን ይሠራ፣ ከውጭ የሚመጣ ስንዴ ይከማችበት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

«ድርቅ ካለ እህል የለም» የሚለው ሲሰሙት የማያከራክር ይመስላል። ጸሐፊው ለዚህ የጠሩት ምስክር የ66ቱን የወሎ ረሃብ ነው። ምስክሩ ግን ለእርሳቸው አይመሰክርም። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ ቁጥር በቁጥር መርምሮታል። ያገኘው ነገር ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ ሳለ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ያን ያህል አልራቀም። ይባስ ብሎ ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር የሚናገሩ ዘገባዎች አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የገበሬው ማሳ ሲከስም የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። የአፋሩ ከብት አለቀ፣ የተረፈውም ዋጋው ወደቀ። ስለዚህ ገበያ ወጥቶ የሚገዛበት ነገር የለውም። እህል ደግሞ ገዢ ወዳለበት ይሄዳል፣ ወዳዘነለት አይደለም።

ወሎ ውስጥ ምርት አልቀነሰም እያልኩ አይደለም። በጣም ቀንሷል። ግን ወሎ ላይ ምርት ጠፋ ማለት አገሪቱ እህል አጣች ማለት አይደለም፤ መካከሉ ላይ ያለው ክፍተት ደግሞ የመግዛት አቅም ነው።

ሩቅ ሳንሄድ 1994ን እናስታውስ። በዚያ ዓመት በቆሎ ተትረፈረፈ። ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዶ፣ አንዳንድ ገበሬ የማጨጃና የማጓጓዣውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስለት በቆሎውን ማሳ ላይ ተወው። የከሰረው ገበሬ በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ ቀነሰ። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ፣ በ1995 ዕርዳታ ፈላጊው ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት ልዩነት! የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ያንን ነገር በየመድረኩ ሲያነሱት ኖረዋል፤ ለምርት ገበያው መቋቋም አንዱ መነሻም ይኸው ነበር። ያን በቆሎ ያኔ በደህና ዋጋ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ቢኖር የ95ቱ ነገር ባይቀር እንኳ ይቀል ነበር። ጸሐፊው ግን «ከአገር ውስጥ ግዢ ይቅር» ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ገበያ የምር የሞተበት ቦታና ጊዜ አለ። በትግራዩ ጦርነት ወቅት ባንክ ተዘግቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሰው ደብተሩ ላይ ያለውን የራሱን ብር ማውጣት ሲያቅተው «በሞባይል ብር ልከንልሃል» ማለት ማሾፍ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በጭነት መኪና፣ ካልሆነም በአውሮፕላን እህል ማድረስ እንጂ ሌላ ወሬ የለም። ግን ያንን ገበያ የገደለው ድርቅ አልነበረም። ጦርነትና ከበባ ነው። «ገበያ አይሠራም» ከማለት በፊት «ምን አስሮት ነው የማይሠራው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዴ መልሱ የተሰበረ ድልድይ ነው፣ አንዳንዴ ኬላ ነው፣ አንዳንዴም የነጋዴው ካፒታል ማለቁ ነው። መድኃኒታቸው ይለያያል።

ወደ ዋጋው እንሂድ። እውነት ለመናገር ከአምስቱ ነጥቦች ጠንካራው ይኼ ነው።

ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰብ በሥራ ብር ወይም እህል የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ1997 ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ያኔ ሁለቱ ይቀራረቡ ነበር። በ2000 የእህል ዋጋ ሲተኮስ 6ቱ ብር ምንም የማይገዛ ሆነ። ወደ 8 ከፍ ተደረገ፣ ቀጥሎ ወደ 10፤ ገበያው ግን ቀድሞ ሄዷል። ያኔ ተረጂዎች «ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን» አሉ። ልክ ነበሩ። ይህንን የሚክድ የብር ዕርዳታ ደጋፊ ካለ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ዛሬም የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የክፍያ መጠኑን ካምናው ሠንጠረዥ ላይ ገልብጦ የሚያድል ፕሮጀክት ተረጂውን እያስራበ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ በ2000 ዋጋውን የሰቀለው የሴፍቲኔት ብር አልነበረም። ያኔ እህል የተወደደው በመላ አገሪቱ ነው፤ የዓለም ገበያም ተቃጥሎ ነበር። ጥፋቱ ክፍያውን እንደ ደመወዝ ቆልፎ ማስቀመጡ ነው። የዚህ መፍትሔ ደግሞ በየሳምንቱ ገበያ ወጥቶ ዋጋ መመዝገብና ክፍያውን ከሱ ጋር ማንቀሳቀስ፣ ከተወሰነ መስመር ካለፈ ደግሞ ወደ እህል መቀየር ነው። ይሄ ከባድ ሳይንስ አይደለም። በየወረዳው የገበያ ዋጋ የሚመዘግብ ሰው አለ፤ የጎደለው ወረቀቱን አንብቦ የሚወስን ነው።

ብር ራሱ ዋጋ ይሰቅላል ወይ? ኬንያ ሲያያ አውራጃ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1000 ዶላር ገደማ ተሰጥቶ የተደረገ ትልቅ ጥናት አለ። ብሩ ከአካባቢው ኢኮኖሚ አንጻር ግዙፍ ነበር። ዋጋ ግን ከቁብ የማይገባ ያህል ነው የጨመረው፤ ዕርዳታውን ያላገኙ ጎረቤቶችም ሥራና ሽያጭ ስለጨመረላቸው ተጠቅመዋል። በእርግጥ ያ ድርቅ ላይ የተደረገ አይደለም፣ መንገድና ሱቅ ያለበት አገር ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ራቅ ባሉ፣ ሻጩ ጥቂት በሆነባቸው መንደሮች የታየው ደግሞ የጸሐፊውን ስጋት በከፊል ይደግፋል። እንግዲህ ቦታው ይወስነዋል። በሳምንት አንድ አይሱዙ ብቻ የሚደርሳትና ሁለት ነጋዴ ያላት ቀበሌ ውስጥ ዝም ብሎ ብር መርጨት አይገባም፤ ኮምቦልቻ ወይም ሻሸመኔ ዙሪያ ግን ፍርሃቱ ያለቦታው ነው።

ጸሐፊው ያልቆጠሩት ሌላ ወገን አለ። የዕርዳታ ስንዴ ሲራገፍ ዋጋ ይወርዳል። «ይውረድ እንጂ!» ትሉ ይሆናል። ለገዢ ጥሩ ነው። ግን እዚያው ወረዳ ሸለቆው ሥር፣ መስኖ ጠልፎ ትንሽ ያገኘ ገበሬ አለ። እሱም ተጎድቷል፣ እሱም ልጆች አሉት፣ የሚሸጣት ሦስት ኩንታል ናት። መርከብ የጫነው ስንዴ ምርት በሚሰበሰብበት ወር ሲደርስ የእሱን ዋጋ ይሰብረዋል። ለዘንድሮ ዕርዳታ ያላስፈለገውን ሰው ለከርሞ ተረጂ ማድረግ ይሉሃል ይኼ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው። ጸሐፊው በዚህ ክፍል ብዕራቸው ይሞቃል። «የሕዝብ ደም መጣጭ» የሚለው ቃል ራሱ ተደጋግሟል።

እህል የሚደብቅ ነጋዴ አለ። ተመሳጥሮ ዋጋ የሚቆርጥም አለ። እህል በረንዳ አንድ ጠዋት የዋለ ሰው ይህን አይክድም። ግን ነጋዴን ከመሀል ማውጣት ምን እንደሚያመጣ እኛ አገር ተሞክሯል እኮ። ደርግ የእህል ንግዱን በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል ጠቅልሎ ያዘ። ገበሬው በተቆረጠለት ዋጋ ኮታ ያስገባል፣ ነጋዴው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እህል እንዳያንቀሳቅስ በየኬላው ይጠበቃል። በተለይ ትርፍ አምራቾቹ ጎጃምና አርሲ ላይ የግል ነጋዴው እጁ የፊጥኝ ታስሮ ነበር። የ77ቱ ረሃብ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሰሜኑ ሲራብ ከጎጃም ወደ ወሎ እንደልብ እህል የሚያሻግር ሰው አልነበረም፤ የነበረውም ኮንትሮባንዲስት ተብሎ ይታሰራል። በጦርነቱ ቀጠና ደግሞ ገበያ ራሱ የአውሮፕላን ዒላማ ስለነበረ ሰው በሌሊት ይገበያይ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1980 ሓውዜን በገበያ ቀኗ ምን እንደደረሰባት ሁላችንም እናውቃለን። እና ነጋዴ ሲጠፋ ድብቁ እህል ወጥቶ ለድሃ አልተከፋፈለም። እህሉ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ቀረ።

አሁን ደግሞ ነጋዴ ሲታገዝ ምን እንደሚሆን ላሳይ። በ1998 ድርቅ ቦረና ሞያሌ አካባቢ ከብቱ ሊያልቅ ሲል፣ የዕርዳታ ድርጅቶች ከብት ነጋዴዎችን አምጥተው ከአርብቶ አደሩ ጋር አገናኙ። ለሁለት ነጋዴዎች ብድር ተሰጠ። ስጦታ አይደለም፣ ብድር። ወደ 20 ሺህ ገደማ ከብት ተገዛ። ከ5 ሺህ በላይ ቤተሰብ በአማካይ 184 ዶላር ያህል በእጁ ገባ። ካልተሸጠ ሜዳ ላይ ወድቆ ለጅብ የሚቀር ከብት ነበር። አርብቶ አደሩ በብሩ ምን አደረገ? ምግብ ገዛ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖና መድኃኒት ገዛ፣ መኪና ተከራይቶ ሣር ወዳለበት አሻገራቸው። በኋላ የተሠራው ጥናት ጥቅሙ ለዕርዳታ ከወጣው ወጪ 41 እጥፍ እንደሆነ አሰላ። እስኪ በመርከብ መጥቶ ይህን ያህል የሠራ ስንዴ ይጠሩልኝ።

ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ልናገር። ከብቱ ገና በእግሩ እየሄደ ሳለ መሆን አለበት። አጥንቱ ወጥቶ ሰው እየደገፈው ከተነሳ በኋላ ነጋዴ በነፃም አይወስደውም። ያኔ የሚቀረው አርዶ ሥጋውን ማከፋፈል ነው። መንገድና ሥጋውን የሚቀበል ገበያም ይፈልጋል። ነጋዴውም ለጽድቅ አልመጣም፣ ለትርፍ ነው የመጣው። ታዲያ ምን ችግር አለው? የተሻለ ዋጋ እንዲሰጥ ከፈለግን ሁለተኛና ሦስተኛ ነጋዴ እናምጣበት። ኬንያ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ስደተኞች በስልካቸው የምግብ ብር ሲላክላቸው ይገዙ የነበረው ከስደተኞችና ከአካባቢው ነዋሪዎች፣ ከቱርካናዎች፣ ሱቅ ነው፤ ባለሱቁ በዛ፣ ተፎካካሪው በዛ። ደባቂ ነጋዴን የሚያስጨንቀው ስድብ ሳይሆን ጎን ላይ የተከፈተ ሌላ ሱቅ ነው።

ስለ ስርቆቱ ብዙ አልጽፍም፣ ምክንያቱም መልሱ ትኩስ ነው። በ2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታቸውን ያቆሙት ምን ተሰርቆ ነው? ብር አይደለም። ስንዴ ነው። በከረጢቱ ከነምልክቱ ገበያ የተገኘ፣ ዱቄት ፋብሪካ ሳይቀር የገባ ስንዴ። ለወራት ተቋርጦ፣ ከስርቆቱ አንዲት እፍኝ ያልደረሰው ምስኪን ቅጣቱን በላ። ሌባ የሚገባው በእህልና በብር ልዩነት ሳይሆን በስም ዝርዝሩ በኩል ነው። የሞተ ሰው ስም፣ የቀበሌው አለቃ ዘመድ፣ ሁለቴ የተጻፈ ቤተሰብ። ዝርዝሩ የተበላሸ ከሆነ እህልም ብርም ይሰረቃል። በ2003 ሶማሊያ ውስጥ ረሃብ ታውጆ እህል የጫነ መኪና መግባት ባልቻለባቸው አካባቢዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በሐዋላ ብር ተልኮለት ከነጋዴ ሩዝና ዱቄት ገዝቷል። እዚያም የካምፕ አለቆች ከተረጂው ላይ ድርሻ ይቆርጡ ነበር፤ አልክድም። ብሩ ዘግይቶም ነው የደረሰው፣ በጣም ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ። ግን ሌላ መንገድ ተዘግቶ ሳለ የደረሰው እሱ ነው።

አረቄና ጫቱስ? የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከተለያዩ አህጉራት 19 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ነበር። ብር ያገኙ ድሆች መጠጥና ትምባሆ ላይ የሚያወጡት ጨመረ የሚል ማስረጃ ከሞላ ጎደል የለም። «የእኛ አገር ወንድ ይለያል» ካሉኝ ደግሞ እሺ፣ ስልኩንም ካርዱንም በእናትየዋ ስም ያድርጉት። አንዳንድ ቤት ጠብ ያስነሳል፣ ተመካክሮ መሥራት ያስፈልጋል። ግን ይህ ብሩን ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም።

ደግሞ እህል ሲሰጥ ይበላል፣ ብር ሲሰጥ ይጠፋል የሚለው ነገር... ጸሐፊው ራሽን የሚታደልበት ቀን ከጣቢያው አጥር ውጭ ቆመው አይተው ያውቁ ይሆን? እኔ በሥራዬ ምክንያት አይቻለሁ። ባየሁበት ጊዜ ለአንድ ሰው በወር የሚሰጠው 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ክክና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነበር። እህሉ ጥሬ ነው። ወፍጮ ቤት ገንዘብ ይጠይቃል። ጨው ራሽን ውስጥ የለም። ሳሙና የለም፣ በርበሬ የለም፣ ልጅ ቢያመው መታከሚያ የለም። ስለዚህ እናትየዋ ከአጥሩ እንደወጣች የማዳበሪያውን አፍ ፈትታ ትቀመጣለች። ገዢው ጣሳውን ይዞ ይመጣል። ሲገዛ እስኪፈስ ቆልሎ ነው፣ ሲሸጥ ግን በመዳፉ ጠርጎ ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ሻጭ ስለሆነ ዋጋውን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ከሌላው ቀን ዋጋ በጣም ባነሰ ትሸጥና የወፍጮዋን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትሄዳለች። ያ ስንዴ ከካንሳስ ተነስቶ፣ መርከብ ተሳፍሮ፣ ጅቡቲ ተራግፎ፣ ይህን ሁሉ ወጪ አስወጥቶ መጨረሻው ያው ብር ሆነ፤ ያውም ረክሶ። ጸሐፊው ከገበያ አርቀን እንጠብቀው ያሉት ዕርዳታ ገበያ ከገባ ቆይቷል። እሷ የቀረባት በደህና ዋጋ የመገበያየት ዕድል ነው።

ስለ ጥራት ያሉትን ከሞላ ጎደል እቀበላለሁ። በ1996 ምሥራቅ ኬንያ ውስጥ 125 ሰው የገደለው አፍላቶክሲን በሚባል የሻጋታ መርዝ የተመረዘ በቆሎ የአገሬው ምርት ነበር። እርጥብ ተሰብስቦ እርጥብ ከተከማቸ እዚህም ይደርሳል። ለዕርዳታ የሚገዛ እህል ሳይመረመር ምንም ዓይነት መጋዘን መግባት የለበትም፤ ለዚህ ጊዜና ገንዘብ መመደብ አለበት። ግን ምርመራው ለውጪውም ያስፈልጋል፤ ወደብ ላይ ሲንፋቀቅ የከረመ ስንዴም ይነቅዛል፣ ይሻግታል። የተመረመረና ጥራቱን ባሟላ እህል ደህና ዋጋ የሚከፍል ትልቅ ገዢ ሲገኝ ደግሞ የገበሬ ዩኒየኖች ማድረቂያና ንጹሕ መጋዘን የሚያዘጋጁበት ምክንያት ያገኛሉ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከአማራና ከኦሮሚያ ዩኒየኖች በቆሎ መግዛት ሲጀምር የታየው ይኸው ነው። አንዳንዱ ዩኒየን ውሉን ሳያሟላ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ተምሮበታል።

የቀረው መፍትሔ ያሉት ነገር ነው፤ መጋዘኑ። መጋዘን ይሠራ ባሉት እስማማለሁ፣ እንዲያውም በጩኸት። አገሪቱ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ከያዘች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የውጭው እህል እስኪደርስ ከዚያ እየተበደሩ ማከፋፈል ስንት ጊዜ ሰው አትርፏል። ልዩነታችን ምን ይግባበት የሚለው ላይ ነው። ከአሜሪካ የሚጫን እህል ከጥያቄው እስከ ማዕዱ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። በ2008 ድርቅ ደግሞ የዕርዳታ ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ላይ ተደራርበው ወረፋ ሲጠብቁ አይተናል፤ የሚበላውና የሚዘራው አንድ ወደብ ላይ ሲጋፉ። እኔ ብሆን ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ የምዕራብ ጎጃምና የወለጋ በቆሎ ገበያ ሞልቶ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ በሚሸጥበት ሰዓት፣ ከዩኒየንም ከነጋዴም በግልጽ ጨረታ ገዝቼ አስገባበታለሁ። ያ በቆሎ ወረኢሉ ወይም ጭሮ ለመድረስ የሚያስፈልገው የጭነት መኪናና ያልተዘጋ መንገድ ብቻ ነው። ጸሐፊው ይህን ግዢ ነው «ይቅር» ያሉት። ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል፤ እኔም አነበዋለሁ።